የመብራት መስመራችንን ከመሬት በታች ስናሳልፍ

(በሬዲዮ የመሠረተ ትምህርት ዝግጅት የቀረበ ንግግር። ለአዲስ አንባቢያን እንዲመች ሆኖ የታተመ።)

ዛሬም እንደ ወትሮው ደብተራችሁንና እርሳሳችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ። በንግግራችን መጨረሻ ላይ የምትጽፉት ነገር አለ። ከምነግራችሁ ሁሉ ዋነኛው እርሱ ነው።

እኔ በመምህራን ማሠልጠኛ ተቋም ተምሬ የወጣሁ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህርት ነኝ። የምኖረውም የማስተምረውም ወላይታ ሶዶ ነው። የኤሌክትሪክ ሠራተኛ አይደለሁም። ስለዚህ ዛሬ ሽቦ መቀጠል አላስተምራችሁም። ሥራውን ለሚያውቅ ሰው ስትሰጡ ምን መጠየቅ፣ ምን ማየት፣ ምን መጻፍ እንዳለባችሁ ነው የምነግራችሁ።

ይህን ነገር እንዳነሣ ያደረጉኝ አንዲት ጎረቤቴ ናቸው። እኔ እማማ ነው የምላቸው። የቤታቸው ቆጣሪ የተተከለው በመንገድ ዳር፣ አጥሩ አጠገብ ነው። ከቆጣሪው እስከ ቤታቸው ድረስ ሽቦው የሚያልፈው በሁለት የባሕር ዛፍ እንጨት ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። ከመካከል አንድ የአቮካዶ ዛፍ አለ። ነፋስ በነፈሰ ቁጥር ቅርንጫፉ ሽቦውን ይመታዋል። መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል። አንዱ እንጨት ደግሞ ሥሩን ምስጥ በልቶት ዘመም ብሏል።

አንድ ቀን እማማ እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ ይህ ሽቦ አንድ ቀን ልጆቹ ላይ ይወድቃል። መሬት ውስጥ ቢቀበር እኮ እንገላገል ነበር።»

አሳባቸው መልካም ነበር። ነገር ግን ሥራውን የሰጡት «እኔ አውቃለሁ» ላለ አንድ የሰፈር ወጣት ነው። ወጣቱም ለቤት ውስጥ አምፑል የሚዘረጋውን ቀጭን ሽቦ ገዛ። የውኃ ጎማ ውስጥ ከተተው። በጓሮው መካከል አቋርጦ አንድ ስንዝር ያህል ቆፈረ። ቀበረው፤ አፈር መለሰበት፤ ገንዘቡን ተቀብሎ ሄደ። ሁላችንም «እንዴት ያምራል!» አልን። ሰማዩ ጠራ። እንጨቶቹም ተነቀሉ።

አራት ወር ያህል ቆየ። እማማ ጎደሬ ሊያወጡ ዶማ ይዘው ወደ ጓሮ ወጡ። ሽቦው በየት በኩል እንዳለፈ ረስተዋል። የቀበረው ወጣት ደግሞ ለሥራ ወደ ሌላ አገር ሄዷል። የተጻፈ ነገር የለም። ዶማውን አንሥተው ሲያሳርፉት ጧ አለ! እሳት ብልጭ አለ። ማቋረጫው፣ ማለትም ብሬከሩ ወረደ፤ ሰፈሩ ተጯጯኸ።

እማማ ተረፉ። የዶማው እጀታ ደረቅ እንጨት ነበር። እግራቸው ላይም የጎማ ጫማ ነበር። እጀታው ብረት ቢሆን፣ ወይም መሬቱ ዝናብ የጠገበ ቢሆን፣ ወይም በባዶ እግራቸው ቢሆኑ ምን ይሆን ነበር? ወጣቱን ብቻ አንወቅስም። እርሱ አላወቀም፤ እኛም አልጠየቅንም።

እንግዲህ ከዚህ የምንማረው ምንድን ነው? ሽቦ ሲቀበር አደጋው ከዓይን ይሰወራል እንጂ አይጠፋም። በላይ የሚያልፈውን ሽቦ ሕፃን ልጅም ያየዋል። የተቀበረውን ግን የሚያየው የለም። ስለዚህ የተቀበረ መስመር ሁለት ነገር ይፈልጋል። አንደኛ፣ ዶማም ውኃም የማይደፍረው አቀባበር ይፈልጋል። ሁለተኛ፣ የት እንዳለ የሚናገር ጽሑፍ ይፈልጋል።

ኮረንቲ ከየት መጥቶ ቤታችን ይገባል?

አስቀድመን መንገዱን እንወቅ። ከወላይታ ብዙ ሳንርቅ፣ በወላይታና በዳውሮ መካከል፣ የኦሞ ወንዝ ተገድቧል። ይህም ግልገል ጊቤ ሦስት የተባለው ግድብ ነው። ከ240 ሜትር በላይ ከፍታ አለው። የተመረቀው በታኅሣሥ ወር 2009 ዓ.ም. ነው። 1,870 ሜጋ ዋት ኃይል እንዲያመነጭ ተደርጎ ተሠርቷል። የኃይሉ መስመር ወደ ሶዶ ማከፋፈያ ጣቢያ ይመጣል፤ ከዚያም ወደ አዲስ አበባ ያልፋል።

ከሶዶ የሚነሣ ሌላም ታላቅ መስመር አለ። እርሱም እስከ ኬንያ ይደርሳል። ርዝመቱ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በ2015 ዓ.ም. ሥራ ጀምሯል። እነዚያ ረጃጅም የብረት ማማዎች በመስካችን ላይ ሲያልፉ ታዩ የለም? እነርሱ ናቸው።

የኮረንቲ ግፊት የሚለካው በቮልት ነው። ከግልገል ጊቤ ሦስት ወደ ሶዶ የሚመጣው መስመር 400,000 ቮልት አለው። ወደ ኬንያ የሚሄደው 500,000 ቮልት ነው። ይህ ግፊት ለቤት አይሆንም። ስለዚህ በማከፋፈያ ጣቢያ ይቀነሳል። በከተማና በገጠር የሚሄደው መስመር 15,000 ወይም 33,000 ቮልት ይሆናል። በየሰፈሩ ምሰሶ ላይ የተሰቀለው ትራንስፎርመር ደግሞ እንደገና ይቀንሰዋል። ወደ ቤታችን የሚገባው 220 ቮልት ነው። ወፍጮ ቤትና ትልልቅ ሞተር ያለው ሥራ ቤት 380 ቮልት ይጠቀማል።

220 ቮልት ከ400,000 ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ይመስላል። ሰው ለመግደል ግን ይበቃል። ይህን አትርሱ።

ትልቁ መስመር ለምን አይቀበርም?

አንዳንድ ሰው ይጠይቃል፦ «መቅበር ጥሩ ከሆነ መንግሥት ትልልቁን መስመር ሁሉ ለምን አይቀብርም?» ጥያቄው ተገቢ ነው።

ኮረንቲ በሽቦ ውስጥ ሲያልፍ ሽቦው ይሞቃል። በላይ ያለውን ሽቦ ነፋስ ያቀዘቅዘዋል። አየር ደግሞ ኮረንቲ በቀላሉ አያሳልፍም። ስለዚህ በላይ ያለ ሽቦ ራቁቱን ቢሆንም አየሩ እንደ ልብስ ይሆነዋል። ለዚህ ልብስ ማንም አይከፍልም። ሽቦው ሲቀበር ግን ነፋስ የለም። በሙቀት ቀን በወፍራም ጋቢ እንደተጠቀለለ ሰው ይሆናል። ስለዚህ ወፈር ያለ ሽቦ ያስፈልጋል። በዙሪያውም ውኃ የማያስገባ ጠንካራ ልብስ መልበስ አለበት። ግፊቱ በጨመረ ቁጥር ልብሱም ይወፍራል፤ ዋጋውም ይንራል። ለረጅም አገር አቋራጭ መስመር ማማው የሚመረጠው ስለዚህ ነው። ለከተማ መንገድና ለቤት የሚሆነው አጭር መስመር ግን ቢቀበር ብዙ ጊዜ ያዋጣል።

ነገሩ በዓለምም አዲስ አይደለም። ኤዲሰን የተባለው አሜሪካዊ በኒው ዮርክ ከተማ ለቤቶች መብራት ማደል የጀመረው በፈረንጆች አቆጣጠር በ1882 ነው። ያን ጊዜም መስመሩን በመሬት ውስጥ ነው ያሳለፈው። ሌሎች ኩባንያዎች ግን ሽቦአቸውን በምሰሶ ላይ ሰቀሉ። በ1888 ኃይለኛ የበረዶ ውሽንፍር መጣ። ምሰሶውም ሽቦውም በየመንገዱ ወደቀ። ከዚያ በኋላ ከተማይቱ ሽቦዎቹ እንዲቀበሩ አስገደደች።

ወደ አገራችን እንመለስ። በአዲስ አበባ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በተካሄደው የኮሪደር ልማት ሥራ፣ በትልልቅ ጎዳናዎች ዳር የነበሩ የመብራትና የስልክ ሽቦዎች ከመሬት በታች እንዲያልፉ ተደርጓል። ሥራው ወደ ሌሎች ከተሞችም ተዛምቷል። ሰውም ይህን እያየ «በቤቴስ?» ብሎ መጠየቅ ጀምሯል።

ለሁሉም ሰው ያስፈልጋልን?

አያስፈልግም። እውነቱን እንነጋገር። በላይ የሚያልፍ መስመር ዋጋው ቀላል ነው። ሲበላሽ ይታያል፤ ቶሎም ይጠገናል። የተቀበረው ግን ዋጋው ከበድ ይላል። ሲበላሽም የት እንደተበላሸ መፈለግ፣ መቆፈር ያስፈልጋል።

መቅበር የሚጠቅመው እንዲህ ሲሆን ነው። ሽቦው በዛፍ መካከል የሚያልፍ ከሆነ። በጣሪያ ላይ ወይም ልጆች በሚጫወቱበት ቦታ ላይ ዝቅ ብሎ የሚያልፍ ከሆነ። በቆርቆሮ ወይም በሣር ክዳን ላይ የሚነካካ ከሆነ። ሣርና እንጨት የጫነ መኪና በሥሩ የሚገባ ከሆነ። ለጊፋታ በዓል ቤት ሲታደስ፣ መሰላል ሲቆም፣ ሽቦው ለሰው ራስ የሚቀርብ ከሆነ። እንዲህ ያለ ችግር ካለ መስመሩን ማንሣት ተገቢ ነው።

ችግሩ አንድ ቅርንጫፍ ብቻ ከሆነ ግን ቅርንጫፉን ማስቆረጥ ይበቃል። ምሰሶው ዝቅ ያለ ከሆነ ረጅም ምሰሶ ማስተከል ይበቃል። ሽቦ የነካ ቅርንጫፍ ግን በራሳችሁ አትቁረጡ። እርጥብ ቅርንጫፍ ኮረንቲ ያስተላልፋል። መጀመሪያ መስመሩ መጥፋት አለበት።

የትኛው የማን ነው?

ይህን በደንብ ስሙ። መስመሩ ሁለት ክፍል አለው።

የመጀመሪያው ክፍል ከመንገድ ምሰሶ እስከ ቆጣሪው ያለው ነው። ይህ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ነው። ብዙዎቻችን እስካሁን «መብራት ኃይል» የምንለው መሥሪያ ቤት ማለት ነው። በዚህ ክፍል ላይ እናንተም፣ የቀጠራችሁት ሠራተኛም እጅ አታግቡ። ቆጣሪ ማንሣትም ማዛወርም የመሥሪያ ቤቱ ሥራ ነው። ማኅተሙን የሰበረ ሰው በሕግ ይጠየቃል፤ ከሁሉ በላይ ግን ሕይወቱን ያጣል። ከምሰሶ ወደ ቆጣሪ የሚመጣው ሽቦ በቤት ማቋረጫ አይጠፋምና።

ሁለተኛው ክፍል ከቆጣሪው እስከ ቤታችን፣ ከቤትም እስከ ማድ ቤትና በረት ያለው ነው። ይህ የባለቤቱ ነው። የሚሠራው ግን የብቃት ማረጋገጫ ያለው የኤሌክትሪክ ባለሙያ ነው። ሠራተኛ ሲመጣ «ወረቀትህን አሳየኝ» በሉ። ዛሬ ማንበብ ትችላላችሁ። ስሙን አንብቡ። ምን ዓይነት ሥራ እንደተፈቀደለት አንብቡ። ጊዜው ያላለፈ መሆኑን አንብቡ። እውነተኛ ባለሙያ በዚህ አይቀየምም።

ከምሰሶ ወደ ቆጣሪ ያለውን ለማስቀበር ለመሥሪያ ቤቱ ማመልከቻ ይጻፋል። እንዲህ ብላችሁ ልትጽፉ ትችላላችሁ፦

«ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት። ስሜ (የራሳችሁን ስም)፣ የቆጣሪዬ ቁጥር (ቁጥሩ) ነው። ከምሰሶ ወደ ቤቴ የሚመጣው መስመር በዛፍ መካከል ስለሚያልፍ ለልጆች አስጊ ሆኗል። መስመሩ ከመሬት በታች እንዲያልፍልኝ፣ ይህ ካልተቻለም ወደማያሰጋ ቦታ እንዲዛወርልኝ አመለክታለሁ። ዋጋው በጽሑፍ እንዲገለጽልኝ እጠይቃለሁ።»

ከታች ቀኑን ጻፉ፤ ፈርሙ። አንድ ቅጂ ለራሳችሁ አስቀሩ። የቆጣሪ ቁጥሩ በቆጣሪው ላይ ተጽፏል፤ እየተመለከታችሁ ገልብጡ። ገንዘብ ስትከፍሉ ደረሰኝ ተቀበሉ። ያለ ደረሰኝ ለማንም አትክፈሉ።

ጥሩ አቀባበር እንዴት ያለ ነው?

እዚህ ላይ ረጋ ብለን እንሂድ።

አንደኛ፣ መንገዱን መምረጥ። የወላይታ ጓሮ ዕረፍት የለውም። ቤታችን ዙሪያ እንሰት አለ፤ ጎደሬ አለ፤ ቦዬና ስኳር ድንች አለ፤ ቡና አለ። ዛሬ እዚህ ይቆፈራል፤ ነገ እዚያ ይቆፈራል። ቆጮ የሚቀበርበት ጉድጓድ ደግሞ ጠለቅ ይላል። ስለዚህ ሽቦ በጓሮ መካከል አይለፍ። በአጥር ጥግ ወይም ሰው በሚመላለስበት የእግር መንገድ ዳር ይለፍ። ከቆጮው ጉድጓድ፣ ከሽንት ቤት፣ ከውኃ ቧንቧና ከትልልቅ ዛፍ ሥር ይራቅ። መንገዱ ትንሽ ቢረዝምም ግድ የለም።

ሁለተኛ፣ ጥልቀቱ። የጉድጓዱ ቦይ ከ60 ሳንቲ ሜትር ማነስ የለበትም። አንድ ክንድ ከስንዝር በሉት። መኪና ወይም ጋሪ የሚያልፍበት ቦታ ከሆነ 80 ሳንቲ ሜትር ይሁን። የእማማ ሽቦ አንድ ስንዝር ብቻ መቀበሩን ታስታውሳላችሁ። ዶማ ስንዝር አይደለም፣ ክንድም ይዘልቃል። ቦዩን ራሳችሁ፣ ከጎረቤት ጋርም በደቦ ልትቆፍሩት ትችላላችሁ። በዚህ የጉልበት ዋጋ ይተርፋል። ሽቦውን የሚያስገባው ግን ባለሙያው ነው። ከመቆፈራችሁ በፊት የውኃ ቧንቧ ወይም የስልክ መስመር በዚያ እንዳያልፍ ጠይቁ።

ሦስተኛ፣ የሽቦው ዓይነት። ለመቅበር የሚሆነው ለመሬት ውስጥ ተብሎ የተሠራ ኬብል ነው። ከውስጡ የብረት ጥልፍ የለበሰው ይሻላል። እንሰታችንን የሚያጠፋውን ፍልፈል ታውቁታላችሁ አይደል? እርሱ ፕላስቲክም ያኝካል። የብረት ልብስ ግን አይበገርለትም። በዚያም ላይ ኬብሉ በጠንካራ የፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ቢያልፍ፣ ወደፊት መቀየር ሲያስፈልግ ሳይቆፈር ተስቦ ይወጣል። የውኃ ጎማ ግን ቱቦ አይደለም። ይቀደዳል።

አራተኛ፣ ውፍረቱ። ይህን ባለሙያው በሒሳብ ያወጣዋል። እናንተ የምትነግሩት በቤታችሁ ያለውን ዕቃ ነው። አንድ የኤሌክትሪክ እንጀራ ምጣድ 3,500 ዋት ቢሆን፣ 3,500ን ለ220 አካፍሉ። ወደ 16 አምፔር ይመጣል። አምፔር ማለት በሽቦው ውስጥ የሚያልፈው የኮረንቲ ብዛት ነው። አንድ አምፑል ግን ግማሽ አምፔር እንኳ አይወስድም። እንግዲህ ለአምፑል የተሠራ ቀጭን ሽቦ ምጣድ እንዲሸከም ማድረግ፣ ለበግ የአህያ ጭነት እንደ መጫን ነው። «ዛሬ ምጣድ የለኝም» ብትሉም ነገ ትገዛላችሁ። ሽቦ ደግሞ በየዓመቱ አይቀበርም። ወፈር ያለውን አስቀብሩ።

አምስተኛ፣ ርዝመቱ። በመሬት ውስጥ ቅጥያ አይኑር። ብልሽት ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከቅጥያ ነው። ስለዚህ አንድ ወጥ ኬብል ይገዛል። ርዝመቱን ደብተራችሁ ላይ እንደምር። የቦዩ ርዝመት 14 ሜትር ነው እንበል። ወደ ቦዩ ሲወርድ 60 ሳንቲ ሜትር፣ ሲወጣ ሌላ 60 ሳንቲ ሜትር። ወደ ቆጣሪው ሳጥን ለመድረስ 1 ሜትር ከ50። በቤቱ ግድግዳ ላይ ለመውጣት 2 ሜትር። ለመጠባበቂያ 1 ሜትር ከ30። ደምሩት። ስንት መጣ? 20 ሜትር። ገበያ ወጥታችሁ 14 ሜትር ብቻ ብትገዙ፣ ሠራተኛው መቀጠሉ አይቀርም።

ስድስተኛ፣ አሸዋና ምልክት። ቦዩ ውስጥ መጀመሪያ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል አሸዋ ይነጠፋል። ኬብሉ በአሸዋው ላይ ይጋደማል። ከላይም አሸዋ ይለብሳል። ይህም ሹል ድንጋይ ኬብሉን እንዳይወጋው ነው። በአሸዋው ላይ ሸክላ ጡብ ይደረደራል። ከዚያ አፈሩ እየተጠቀጠቀ ይመለሳል። ከመሬቱ ገጽ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ሲቀር ቢጫ ወይም ቀይ የፕላስቲክ መቀነት ይዘረጋል። ይህ የማስጠንቀቂያ ምልክት ነው። ከዓመታት በኋላ የሚቆፍር ሰው መጀመሪያ መቀነቱን ያገኛል፤ ከዚያ ጡቡን ይመታል። ሁለት ጊዜ ተነገረው ማለት ነው። ኬብሉ ከመሬት በሚወጣበት ቦታ በብረት ቱቦ ይሸፈን። በክረምት ውኃ እንዳይገባበት፣ አይጥም እንዳይጎበኘው የቱቦው አፍ ይደፈን።

ሰባተኛ፣ ማቋረጫና ምድር ሽቦ። ኬብሉ ከቆጣሪው በሚነሣበት ቦታ ለብቻው ብሬከር ይኑረው። በተጨማሪ ኮረንቲ ወደ መሬት ወይም ወደ ሰው ሲያመልጥ በቅጽበት የሚያጠፋ ማቋረጫ አለ። 30 ሚሊ አምፔር የተጻፈበትን ጠይቁ። ከዚህም ጋር ምድር ሽቦ፣ ሠራተኞች ግራውንድ የሚሉት፣ ይተከል። ይህ ያመለጠውን ኮረንቲ ወደ መሬት የሚወስድ መንገድ ነው። የእማማ ቤት እነዚህ ሁለቱም አልነበሩትም።

የብልሽት ምልክትና እርዳታ

የተቀበረ መስመር ሲበላሽ ምልክት ይሰጣል። ዝናብ በዘነበ ቁጥር ብሬከሩ የሚወርድ ከሆነ፣ ውኃ ገብቷል ማለት ሊሆን ይችላል። መብራቱ የሚፈዝ ከሆነ፣ ምንም ሳትጨምሩ ቆጣሪው ቶሎ የሚቆጥር ከሆነ፣ በመስመሩ ላይ ስትቆሙ እግራችሁን የሚነዝራችሁ ከሆነ፣ ብሬከሩን አውርዱ። አትቆፍሩ። ባለሙያ ጥሩ። ችግሩ ከቆጣሪው በፊት ከሆነ ወደ ኤሌክትሪክ አገልግሎቱ በ905 ደውሉ።

ኮረንቲ የያዘው ሰው ብታዩ በእጃችሁ አትንኩት። ከነካችሁት እናንተንም ይይዛችኋል። መጀመሪያ ብሬከሩን አውርዱ። ይህ ካልተቻለ ደረቅ ነገር ላይ ቆማችሁ፣ በደረቅ እንጨት ሽቦውን ከእርሱ አርቁ። ይህ ግን ለቤት መስመር ብቻ ነው። የመንገድ ትልቅ መስመር ከሆነ በእንጨትም አትጠጉ። ሰውዬው የማይተነፍስ ከሆነ ሥልጠና ያለው ሰው ደረቱን በመጫን ይርዳው። ደህና የሆነ ቢመስልም ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ። የኮረንቲ ጉዳት በውስጥ ሊደበቅ ይችላል። መሬት ውስጥ መቅበር የሚባል ልማድም አለ፤ ይህ ጊዜ ከማባከን በቀር አይጠቅምም።

ከመንገድ ምሰሶ ሽቦ ወድቆ ካያችሁ ቢያንስ 10 ሜትር ራቁ። ከብቶችንና ልጆችን አርቁ። በቅርብ ካላችሁ ሰፊ እርምጃ አትራመዱ። እግራችሁን ከመሬት ሳታነሡ በትንሽ በትንሹ እየጎተታችሁ ራቁ።

አሁን እርሳሳችሁን አንሡ

ከላይ «የምትጽፉት ነገር አለ» ብዬአችሁ ነበር። እነሆ ደረስንበት።

ኬብሉ ቦይ ውስጥ ከተጋደመ በኋላ፣ አፈር ከመመለሱ በፊት ሠራተኛውን «ቆይ» በሉት። ደብተር አውጡ። ቤታችሁን በአራት መስመር ሳሉ። ቆጣሪውን በትንሽ ሳጥን ሳሉ። ኬብሉ ያለፈበትን በአንድ መስመር አገናኙ። ከዚያ በሜትር ለኩ። የምትለኩት ከማይነቃነቅ ነገር ነው። ዛፍ ይቆረጣል፤ አጥር ይፈርሳል። የቤቱ ማዕዘን ግን ይቆያል። ለምሳሌ ያህል፦

«ከቤቱ ምሥራቃዊ ማዕዘን እስከ ኬብሉ 3 ሜትር። ጥልቀቱ 60 ሳንቲ ሜትር። በአጥሩ ጥግ አልፎ ወደ ቆጣሪው ይሄዳል። ርዝመቱ 14 ሜትር። የተቀበረበት ቀን፣ ወርና ዓመተ ምሕረት። የሠራው ባለሙያ ስምና ስልክ።»

ይህን በሦስት ቅጂ ጻፉ። አንዱን በቆጣሪው ሳጥን በር ውስጥ፣ ውኃ በማይገባው ፌስታል አድርጋችሁ ለጥፉ። ሁለተኛውን ከቤቱ ካርታ ጋር አስቀምጡ። ሦስተኛውን ለልጃችሁ ወይም ለምታምኑት ጎረቤት ስጡ። ቤቱን ስታከራዩ ወይም ስትሸጡ ወረቀቱም አብሮ ይሂድ። በስልካችሁ ፎቶ ማንሣት ከቻላችሁ ቦዩ ክፍት እያለ አንሡ። ነገር ግን ስልክ ይጠፋል፤ ወረቀቱን አትተዉ።

የእማማ መስመር እንደገና ተሠርቷል። በዚህ ጊዜ የመጣው ፈቃድ ያለው ባለሙያ ነው። ቦዩን የሰፈሩ ልጆች በደቦ ቆፈሩት። ኬብሉ በአጥሩ ጥግ ዞሮ አለፈ። እማማ በማታው የመሠረተ ትምህርት ክፍል ይማራሉ። ወረቀቱን እኔ ልጽፍላቸው እጄን ስዘረጋ እንቢ አሉኝ። «እኔ ነኝ የረሳሁት፤ እኔው እጽፈዋለሁ» አሉ። ፊደላቸው ተለቅ ተለቅ ያለ ነው። «ሦስት ሜትር» የሚለውን ሁለት ጊዜ ሰርዘው ጽፈውታል። ግን ይነበባል። ባለፈው የልጅ ልጃቸው ለሙዝ ተክል ጉድጓድ ሊቆፍር ሲነሣ፣ መጀመሪያ ሄዶ ያነበበው ያንን ወረቀት ነው። ካነበበ በኋላ ሁለት ሜትር ፈቀቅ ብሎ ቆፈረ።

የዛሬው ንግግራችን በዚህ ይፈጸማል።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. የተቀበረ ሽቦ በላይ ከሚያልፈው ሽቦ ይልቅ የሚያሰጋው በምን ጊዜ ነው?
2. በእናንተ ጓሮ ኬብል ቢቀበር በየት በኩል ማለፍ አለበት? ለምን?
3. ከምሰሶ እስከ ቆጣሪ ያለው መስመር የማን ነው? ከቆጣሪ በኋላ ያለውስ?
4. የቦዩ ርዝመት 22 ሜትር ቢሆን፣ ሌላው ሁሉ ከላይ እንደተነገረው ሆኖ ስንት ሜትር ኬብል ይገዛል?
5. የቤታችሁን ንድፍ ሳሉ። ቆጣሪው ያለበትን ቦታ አመልክቱ። ከቤቱ ማዕዘን እስከ ቆጣሪው ያለውን ርቀት ለክታችሁ ጻፉ።